የሠራተኛው ማእድ፦ ምጽዋት ነው ወይስ ዕዳ?

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ምእመናን በጻፈው ሁለተኛ መልእክቱ፣ ሊሠራ የማይወድ ሰው ከማእድ እንዳይቀርብ ያስተምራል (2ኛ ተሰ. 3፥10)። ይህን ትምህርት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አባት ለልጁ፣ መምህር ለደቀ መዝሙሩ፣ አሠሪም ለሠራተኛው በየጊዜው ያነሣዋል። ከዚሁ ትምህርት ጋር አብሮ የሚሄደውን ሌላ ጥያቄ ግን የሚያነሡት ጥቂቶች ናቸው። ሊሠራ የማይወድ ሰው መብላት ካልተገባው፣ ከማለዳ እስከ ምሽት የሚሠራው ሰው ሳይበላ ሊውል ይገባልን? በባዶ ሆዱ ሲሚንቶ ሲያቦካ የዋለ ሰው ቢወድቅ፣ እርጉዝ ሆና ድንጋይ የምትሸከም እናት ብትታመም፣ ይህ የማን ጉዳይ ነው? የሠራተኛው የራሱ ዕድል ነውን? የአሠሪው ቸርነት የሚለመንበት ነገር ነውን? ወይስ እንደ ደመወዙ ሁሉ ሊሰጠው የሚገባ ዕዳ ነው?

ይህ ጥያቄ በትምህርት ቤት አዳራሽ ብቻ ተነሥቶ የሚቀር አይደለም። በጎንደር ከተማ ቤት በሚያሠራውና በሚሠራው፣ በመተማ ሰሊጥ በሚያሳጭደውና በሚያጭደው፣ እንዲሁም በየቤታችን በእመቤቲቱና ወጥ በምትሠራው ልጅ መካከል በየዕለቱ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ምእመናንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን አብረውን ያስቡበት ዘንድ በዚህ ጽሑፍ ጥቂት እንላለን።

የደቦው ሥርዓት

የሰሜን ጎንደር ደገኛ ገበሬ ለዚህ ጥያቄ አዋጅ ሳይጠብቅ ከጥንት ጀምሮ መልስ ሰጥቶበታል። በወገራ፣ በዳባት፣ በደባርቅ ወይም በጃናሞራ ገብሱ ሲደርስ ወይም ጎጆ ሲቀለስ ባለጉዳዩ ደቦ ይጠራል። የተጠራው ጎረቤት ማጭዱን ይዞ ይመጣል፤ የጠራው ደግሞ ጠላውን አስጠምቆ፣ እንጀራውን አስጋግሮ ይቀበለዋል። በወንፈልም ዛሬ አንዱ ለሌላው የሠራው ነገ በተራው ይመለስለታል፤ ጉልበት በጉልበት ይከፈላል። እንዲያም ሆኖ በየተራው ሠራተኛውን የሚያበላው ባለ ማሳው ነው።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ምግቡ ምንድን ነው? ደመወዝ አይደለም፤ የበላውን እንጀራ ቆጥሮ ከሠራው ሥራ ጋር የሚያስተያይ የለምና። ምጽዋትም አይደለም፤ የተጠራው ሰው ነዳይ ሆኖ አልመጣምና፣ አንዳንድ ጊዜም ከጠሪው ይልቅ ባለጸጋ ነውና። ምግቡ የጥሪው ግማሽ ነው። ሰውን ወደ ሥራ የጠራ፣ ክንዱን ብቻ ሳይሆን ሰውየውን ራሱን እንደ ጠራ ያውቃል፤ ሰውየውም እንደሚርበው፣ እንደሚጠማው፣ ፀሐይም እንደሚያቃጥለው ያውቃል። ስለዚህ ደቦ ጠርቶ በቅጡ ያላበላ ሰው በአገሩ ይታማል። የሚታማውም ሊለግስ ሲገባው ሰሰተ ተብሎ ብቻ ሳይሆን፣ የሚገባውን ሳይፈጽም ቀረ ተብሎ ነው።

ቅዱስ መጽሐፍም ይህንኑ ሥርዓት ያሳየናል። ቦዔዝ የተባለው የቤተ ልሔም ባለጸጋ፣ ሩትን በእርሻው ላይ ቃርሚያ ስትለቅም ባገኛት ጊዜ፣ ጎልማሶቹ ከቀዱት ውሃ እንድትጠጣ ፈቀደላት፤ በምሳም ሰዓት ከአጫጆቹ ጎን አስቀምጦ እስክትጠግብ አበላት፣ ተርፏትም ነበር (ሩት 2፥9-14)። ሩት ባዕድ ነበረች፤ የእርሱም ቅጥረኛ አልነበረችም። ነገር ግን በማሳው ላይ የምትደክም ሁሉ ከማእዱ ውጭ ልትሆን እንደማይገባ ቦዔዝ ተረዳ። የኦሪት ሕግም እህል የሚያበራየውን በሬ አፍ ማሰርን ከልክሏል (ዘዳ. 25፥4)፤ ቅዱስ ጳውሎስ ይህንኑ ይዞ ስለ ሠራተኛ ዋጋ አስተምሮበታል (1ኛ ጢሞ. 5፥18)።

የቀድሞውን ሁሉ ግን አስውበን ልናየው አይገባም። በአገራችን ገበሬው በጌታው ሁዳድ ላይ በግዴታ የሚሠራበት ዘመን ነበረ። ደቦውም ቢሆን ጠላ ለመጥመቅ አቅም ላለው ይቀልላል እንጂ ለድኻይቱ መበለት እንዲሁ አይጠራም። ሆኖም በውስጡ የተቀመጠው እውነት እውነት ነው፤ የሠራተኛው ማእድ ከሥራው ተነጥሎ የሚታይ አይደለም።

ጉልበትና ባለ ጉልበቱ

በቋንቋችን የሠራተኛው ኃይል «ጉልበት» ይባላል። ይኸው ቃል ሰው ለጸሎት ሲንበረከክ መሬት የሚያስነካውን፣ ሲደክም ደግሞ የሚከዳውን የሰውነት ክፍል ይጠራበታል። አሠሪ «ጉልበት ገዛሁ» ሲል የገዛው ነገር እንደ ጤፍ ተሰፍሮ፣ በጆንያ ታስሮ፣ ወደ ቤት የሚወሰድ አይደለም። ጉልበት ከባለ ጉልበቱ አይለይም። የምንገዛው የአንድን ቀን ሥራ ቢሆንም፣ በዚያ ቀን ከእኛ ዘንድ የሚውለው ነፍስና ሥጋ ያለው፣ በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ ሰው ነው። በዕቃ ግዢ ዋጋው ከተከፈለ ጉዳዩ ያበቃል፤ በሰው ሥራ ግን ዋጋው ከመከፈሉ በፊትም በኋላም የሚቀር ግዴታ አለ።

የቤተክርስቲያን ማኅበራዊ ትምህርት የቆመው በዚህ ላይ ነው። ር.ሊ.ጳ. ሊዮ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው ዐዋዲ መልእክታቸው፣ ሠራተኛው በችግር ተገድዶ አነስተኛ ዋጋ ቢቀበል እንኳ ስምምነቱ ብቻውን ጽድቅ እንደማያደርገው አስተማሩ፤ ሕይወቱን መጠበቅ የሰው ሁሉ ግዴታ ስለሆነ፣ ለሕይወት የማይበቃ ዋጋ ፍትሕን ይጎዳልና። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም እ.ኤ.አ. በ1981 «ላቦሬም ኤክሰርቼንስ» በተባለው መልእክታቸው ሥራ ለሰው እንጂ ሰው ለሥራ እንዳልተፈጠረ ገልጸው፣ ሕክምናን፣ ዕረፍትንና ጤናን የማይጎዳ የሥራ ቦታን ከሠራተኛው መብቶች ጋር ቆጥረዋቸዋል። በዚሁ መልእክት ውስጥ «ቀጥተኛ ያልሆነ አሠሪ» የሚል ሐሳብ ይገኛል። ሠራተኛውን የቀጠረው ሰው ቀጥተኛው አሠሪ ነው፤ ነገር ግን ሥራው በምን ሁኔታ እንደሚሠራ የሚወስኑ ሁሉ፣ ከእነርሱም ይልቁን መንግሥት፣ በተዘዋዋሪ አሠሪዎች ናቸው፤ በኃላፊነቱም ይካፈላሉ። ስለዚህ የመንግሥትን ፖሊሲ ስንመረምር ከእምነታችን ውጭ ወደ ሆነ ነገር ገባን አይባልም።

መንግሥት የደነገገው

በአገራችን ስለ ሠራተኛ የወጡት ሕጎች በቀላሉ የሚታዩ አይደሉም። በ1968 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 64፣ በ1985 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 42፣ በ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 377፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1156 በተከታታይ ወጥተዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ዕረፍትንና ጤናማ የሥራ አካባቢን የሠራተኛ መብት አድርጓል፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ጤና፣ ንጹሕ ውሃና ምግብ ለኢትዮጵያውያን ሁሉ እንዲዳረስ የፖሊሲ ዓላማ አድርጎ አስቀምጧል።

አዋጅ ቁጥር 1156 የሥራ ሰዓትን በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ወስኗል፤ በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ሰጥቷል። የሙከራ ጊዜውን የፈጸመ ሠራተኛ ቢታመም በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ 6 ወር ፈቃድ ያገኛል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። እናት ከወሊድ በፊት 30 ተከታታይ ቀናት፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀናት ከነደመወዝዋ ታርፋለች። ሠራተኛ በሥራ ላይ ጉዳት ቢደርስበት፣ አሠሪው ጥፋት ባይገኝበት እንኳ ኃላፊ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064ም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እናቶች ሕፃናታቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዟል።

ስለ ምግብም ያልታሰበ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በምግብ እጦት ለሚቸገሩ ወረዳዎች ገበሬዎች፣ እርከን ሲሠሩና መንገድ ሲጠርጉ እህል ወይም ገንዘብ የሚከፍል ነበር። የዚህን ፕሮግራም አንድ ሥርዓት ልብ ልንለው ይገባል፤ እርጉዝና የምታጠባ እናት ከጉልበት ሥራ ተለይታ ድጋፉን ያለ ሥራ እንድታገኝ ተደንግጓል። ጉልበት በሌለበት ጊዜም ማእድ ይገባል ማለት ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳን ታወጀ፤ ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 እንዲያበቃ የታሰበበት ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ደግሞ አገር አቀፍ የምግብና ሥርዓተ ምግብ ፖሊሲ ወጣ። በሌላውም ዓለም ተመሳሳይ እርምጃ ተወስዷል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1956 በምክረ ሐሳብ ቁጥር 102 በሥራ ቦታ ስለሚያስፈልጉ የመመገቢያና የማረፊያ ስፍራዎች መክሯል። ብራዚልም እ.ኤ.አ. በ1976 ለሠራተኞቻቸው ምግብ ለሚያቀርቡ አሠሪዎች የግብር ቅናሽ የሚሰጥ ፕሮግራም አቋቁማለች።

ስለ እነዚህ ፖሊሲዎች ሲነገር በብዛት የሚሰጠው ምክንያት ጥቅም ነው። ጤነኛና የጠገበ ሠራተኛ ብዙ ያመርታል ይባላል። ይህ እውነት ነው። በ2005 ዓ.ም. ይፋ የሆነው «የረኀብ ዋጋ» የተሰኘ ጥናት፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2009 በሕፃናት ምግብ እጥረት ምክንያት 55.5 ቢሊዮን ብር፣ ማለትም ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርቷ 16.5 በመቶ የሚሆነውን እንዳጣች ገምቷል። ለሥራ ከደረሱት ዜጎች 67 በመቶው በሕፃንነታቸው የቀነጨሩ እንደነበሩም አሳይቷል። እንዲህ ያለው ቁጥር ባለሥልጣንንም ባለሀብትንም ቢያነቃ መልካም ነው።

ይሁን እንጂ ጥቅም ብቻውን መሠረት ሊሆን አይችልም። ሠራተኛውን የምናበላው ብዙ ስለሚያመርትልን ብቻ ከሆነ፣ የማያመርትበት ቀን ሲመጣ ምን እንላለን? የታመመው፣ ያረጀው፣ ያረገዘችው፣ ሥራው ካለቀ በኋላ በሽታው የተገለጠበት፣ ከሒሳቡ ይወጣልን? በቅሎውን ለመንገድ ብቻ የሚቀልብ ነጋዴ ባረጀች ጊዜ ሜዳ ላይ ይለቃታል። ሰው ግን ከዚህ ሒሳብ በላይ ነው። ስለዚህ የፖሊሲው እውነተኛ መፈተኛ፣ ከእንግዲህ ምንም ትርፍ የማይጠበቅበትን ሠራተኛ እንዴት እንደሚያየው ነው።

ሕጉ የሚቆምበት ድንበር

ይህን መፈተኛ ይዘን ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሰሜን፣ ማዕከላዊና ምዕራብ ጎንደር ተብሎ በሦስት ዞኖች ተከፍሏል፤ የሠራተኛው ጉዞ ግን ሦስቱን እንደ ድሮው ያገናኛቸዋል። ክረምት በደጋው የራብ ወቅት ነው፤ የዓምናው እህል አልቋል፣ የዘንድሮው አልደረሰም። በዚሁ ጊዜ በቆላው ሰሊጡ መታረም ይጀምራል፤ ከመስቀል በኋላ ደግሞ አጨዳው ይከተላል። ሰሊጥ ጊዜው ካለፈ ፍሬው ተፈልቅቆ መሬት ላይ ስለሚረግፍ አጨዳው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ማለቅ አለበት። ስለዚህ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች ከበለሳ፣ ከጃናሞራ፣ ከደባርቅና ከሌሎችም ደጋማ ወረዳዎች ወደ መተማ፣ ወደ ቋራ፣ ወደ አርማጭሆና ወደ ሑመራ ይወርዳሉ። ከተጎዳ ማድጋ የወጣ የተጎዳ ሰውነት ይዘው ነው የሚወርዱት።

በቆላው የሚጠብቃቸው ወባ ብቻ አይደለም። ካላ አዛር የተባለው በሽታ አለ። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዋልካ አፈር ስንጥቅና በግራር ሥር ትኖራለች፤ የምትነድፈውም ይበልጡን ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ቀን ሲያጭድ የዋለው ሰው ሌሊት ያለ አጎበር ሜዳ ላይ ወይም በግራር ጥላ ሥር ሲተኛ ትነድፈዋለች። ከዚያም ረዥም ትኩሳት ይይዘዋል፣ ጣፊያው ያብጣል፣ ሰውነቱ ይከሳል፤ ሕክምና ካላገኘም አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። በደንብ የሚመገብ ሰው ተዋሲው ቢገባበት እንኳ ሳይታመም ሊቀር ይችላል፤ ራብ የጎዳው ሰው ግን በቀላሉ ይወድቃል። ጤናና ምግብ ምን ያህል የተያያዙ እንደሆኑ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። ከዚህም በላይ በሽታው በሠራተኛው ላይ አይቆምም። በ1997 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም ወረዳ ካላ አዛር ከዚያ ቀደም ባልታወቀበት ደጋ ወረርሽኝ ሆኖ ሲነሣ፣ ከቆላ በተመለሱ ሠራተኞች ሳይገባ እንዳልቀረ ሐኪሞች ገምተዋል።

አሁን ሕጉን እንጠይቅ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጆቻችን «በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ» ብለው ለሚጠሩት ሕመም አሠሪውን ኃላፊ ያደርጋሉ። ነገር ግን ሥራው በሚሠራበት አካባቢ የሚገኙ ነባርና ተላላፊ በሽታዎች፣ እነርሱን ለማጥፋት ከተሠማራው ሠራተኛ በቀር፣ በዚህ ስም አይጠሩም። ምክንያቱ የሚገባ ነው። የመተማ ነዋሪ ቢሠራም ባይሠራም ወባ ሊይዘው ይችላል፤ ስለዚህ በሽታው ከሥራው ሳይሆን ከቦታው መጣ ይባላል።

ለዚያ ነዋሪ ይህ እውነት ነው። ለጃናሞራው ልጅስ? እርሱ ወደዚያ ቦታ የሄደው ለሥራው ብቻ ነው። ሥራው ባይጠራው ኖሮ ያችን ዝንብ በዕድሜው ሙሉ አያያትም ነበር። ለእርሱ ቦታውና ሥራው አይለያዩም። ደቦ የጠራ ሰው እንግዳው በመንገዱ ላይ ወንዝ ቢወስደው «ወንዙ የአገሩ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ?» አይልም። ስለዚህ ሰውን ከአገሩ አውጥቶ በሽታ ወዳለበት ምድር ለሥራ የሚያመጣ አሠሪ፣ ሕጉ ባያዝዘው እንኳ፣ በዚያ ምድር በሽታ ከተያዘው ሠራተኛ ፊት ንጹሕ ነኝ ሊል አይችልም ብለን እናምናለን። ሕግ አውጪዎችም ከሌላ አካባቢ ለመጣ ሠራተኛ ይህን ድንበር እንደ ገና እንዲመረምሩት መጠየቅ ተገቢ ነው።

መንግሥት በዚህ በኩል ምንም አላደረገም ማለታችን አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የአገራችን የሕዝብ ጤና ትምህርት የተጀመረው በጎንደር ነው፤ በዚያን ጊዜ የተቋቋመው ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የንጽሕና አጠባበቅ ባለሙያዎችን ወደ ገጠር ለመላክ ያሠለጥን ነበር። ከእርሱ ያደገው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ካላ አዛርን የሚያክምና የሚመረምር ማዕከል አለው። በ2003 ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ብዙ ገበሬዎችን ረድቷል። ሆኖም የመድኑ አባልነት ሠራተኛው በሚኖርበት ወረዳ የተመዘገበ ነው፤ ትኩሳቱ ግን የሚይዘው ከወረዳው ርቆ ነው። ሠራተኛው የሚሠራበት አንድ ቦታ፣ የሚታወቅበት ሌላ ቦታ ሲሆን፣ መልካም ፖሊሲ እንኳ በመካከል ይወድቃል።

በየቤታችን ያለችው ሠራተኛ

ስለ ሰሊጥ ባለሀብት መናገር ይቀልላል፤ አብዛኞቻችን የሰሊጥ እርሻ የለንምና። ነገር ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የማይደርስበት ሌላ የሥራ ቦታ አለ፤ እርሱም ወጥ ቤታችን ነው። ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ከአዋጁ ውጭ ተደርጓል፤ ስለ እርሱም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲያወጣ ተትቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቤቱ የምትኖረውን ሠራተኛ ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል፤ ይህን የሚያውቅ ቤተሰብ ግን ስንት ነው?

ከገጠር በደላላ በኩል የመጣችው ልጅ ጎሕ ሳይቀድ ትነሣለች፣ ሁሉም ከተኛ በኋላ ትተኛለች። ስምንት ሰዓት የሚባል ነገር አታውቅም። የምትሠራውን ወጥ ከሁሉ በኋላ፣ ከተረፈው ትበላለች። ስትታመም «ወደ አገርሽ ሂጂ» ትባላለች። ደመወዟ ለምን እንዳነሰ ስንጠየቅ ደግሞ «ምግብ እኮ ከእኛ ጋር ትበላለች» እንላለን። የደቦውን ሥርዓት የገለበጥነው እዚህ ላይ ነው። በደቦ ማእዱ ከዋጋው ላይ አይቀነስም፤ የጥሪው አካል ነውና። ስለዚህ ማእድ በደመወዝ ፋንታ፣ ደመወዝም በማእድ ፋንታ ሊሰጥ አይገባም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም ለሚመለከታቸው ሠራተኞች በዓይነት የሚከፈለው ከጥሬ ገንዘቡ ደመወዝ 30 በመቶ እንዳይበልጥ የገደበው ይህን ተንኮል ስለሚያውቅ ነው።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

«እኛም ድኾች ነን» የሚል ይኖራል። ይህን ተቃውሞ አቃልለን አናየውም። ጦርነትና ድርቅ ባደከመው አገራችን ሁለትና ሦስት ሠራተኛ ይዞ የሚሠራ ሰው ራሱ ከወር ወር በጭንቅ የሚደርስ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ለሠራተኛው ከሚገባው ነገር ሁሉ ገንዘብ የሚጠይቀው ጥቂቱ ነው። ንጹሕ ውሃ ማቅረብ፣ የምሳ ሰዓትን ማክበር፣ በጥላ ሥር መቀመጫ መስጠት፣ እርጉዝዋን ከሸክም ማሳረፍ፣ ትኩሳት የያዘውን ያለ ዘለፋ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ፣ ከገንዘብ ይልቅ ልብ የሚጠይቁ ናቸው። ደቦ የሚጠራውም ገበሬ አብዛኛውን ጊዜ ድኻ ነው፤ ካለው ያካፍላል እንጂ ከሌለው አያመጣም።

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚልም አለ። አዎን፣ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ዕዳ ስለሆነም በግለሰቦች በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ ሊተው አይገባውም። ሕግ ከሌለ ደግ አሠሪ ራሱ ይጎዳል፤ ሠራተኛውን በባዶ ሆድ የሚያሠራው ጎረቤቱ ዋጋ ቀንሶ ገበያውን ይወስድበታልና። ሁሉንም እኩል የሚያስገድድ ሕግ ፍትሕ የሚፈልገውንም አሠሪ ይረዳዋል። ነገር ግን ተቆጣጣሪ በየማሳውና በየወጥ ቤቱ ሊቆም አይችልም። ሕግ የሚደርሰው እስከ ደጃፍ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ለኅሊና የተተወ ነው።

ሌላው ደግሞ «ሠራተኛው ራሱ ተስማምቶ ገብቷል» ይላል። የተራበ ሰው ስምምነት ግን እንደ ጠገበ ሰው ስምምነት አይቆጠርም። ቅዱስ ያዕቆብ የአጫጆቹ ደመወዝ ከማሳው ላይ ሆኖ እንደሚጮኽ ሲያስተምር (ያዕ. 5፥4)፣ ውሉ እንዴት እንደተፈረመ አልጠየቀም።

ከእኛ የሚጠበቀው

በ2007 ዓ.ም. በተመሠረተው በባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከታችን፣ ይልቁንም በጎንደር፣ ቁጥራችን ጥቂት ነው። ጥቂቶች ስለሆንን አዋጅ ልንለውጥ አንችል ይሆናል፤ በየቤታችንና በየሥራ ቦታችን ያለውን ማእድ ግን ልናስተካክል እንችላለን። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሰባተኛውን ትእዛዝ ሲያስተምሩ ከሌባው ኪስ በፊት ስለ ሠራተኛው ምሳና ስለ ሕመም ቀኑ ደመወዝ ይጠይቁ። ወጣቶች ወደ ቆላ ከመውረዳቸው በፊት አጎበር እንዲይዙ ይምከሯቸው። ተመልሰው የመጡትም ትኩሳት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየባቸው፣ ወይም በግራ ጎናቸው ዕብጠት ካዩ፣ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ሄደው በቆላ ሥራ ላይ እንደነበሩ ለሐኪሙ እንዲናገሩ ያሳስቧቸው፤ ይህ አንድ ቃል ነፍስ ሊያድን ይችላል። ሠራተኛ የሚያሠራ ምእመን ሁሉ ደግሞ ራሱን ይመርምር፦ እኔ ጠርቼው የመጣው ሰው ዛሬ ምን በላ? ቢታመምስ ወዴት ይሄዳል?

ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ምእመናን የገሠጸው በጌታ እራት ላይ አንዱ ጠግቦ ሌላው ተርቦ በመገኘቱ ነበር (1ኛ ቆሮ. 11፥20-22)። ያን ጊዜ ዘግይተው የደረሱትና የተራቡት በጌቶቻቸው ሥራ የዋሉት እንደነበሩ መገመት አይከብድም። እኛም በእሑድ ከመንበረ ታቦት ፊት የምናቀርበው ኅብስት የሰው ድካም ያለበት ነው፤ የዘራው፣ ያጨደው፣ የፈጨው አለ። ያን ኅብስት የተቀበለ እጅ ሰኞ ማለዳ ለሠራተኛው ምን እንደሚዘረጋ፣ እግዚአብሔርም ሠራተኛውም ያያሉ።